ዘበኛው ዱላ ሲያነሳ ማን ይጠራል?

አክስቴ ሰው መታች ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ስሙኝ። እኔ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት የምቆርጥ ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል ነገር ማሳጠር አልችልም፣ ውሸት ግን አላውቅበትም። በግቢያችን ውስጥ ሁሉም ሰው ይህን ታሪክ በራሱ ልክ አሰፍቶ ለብሶታል። ሥጋ ሻጩ ሲያወራው አክስቴ ቦክሰኛ ናት። ጸጉር ሠሪዋ ስታወራው ደግሞ ዘበኛው ሞቶ ነው የተነሳው። ኧረ በሕግ! የሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ምንም እንኳ አንዱ ዓይኔ ሳሙና ገብቶበት ቢሆን።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ግቢው "እትዬ መርፌ" ነው የሚላት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ በሰው መሃል ስታልፍ ድምፅ የላትም። ወንበር እግሯን ሲመታት "ይቅርታ" የምትል ሴት ናት። ዳቦ ቤት ከተሰለፈች ሁሉም "እትዬ፣ ትንሽ ቸኩዬ ነው" እያለ ፊቷ ስለሚገባ፣ ዳቦው ሲያልቅ እሷ በሩ ጋ ትደርሳለች። አንዴ ገበያ ውስጥ ኪሷ ውስጥ የሰው እጅ አገኘች። እጁን ቀስ ብላ አወጣችና "ወንድሜ፣ ተሳስተህ ነው" ብላ ለባለቤቱ መለሰችለት። እጁን! እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አውቶቡሴ ላይ ባገኘው በቁሙ ነው የምቀቅለው። "አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" ስላት "ዝም አይነቅዝም" ትለኛለች። እሷ ዝም ትላለች፣ የምነቅዘው እኔ ነኝ።

ወጣትነቷን የጨረሰችው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ስትሰፋ ነው። ኪስ ብቻ። ሌላው ኮሌታ ይሰፋል፣ ሌላው እጅጌ ይሰፋል፣ እሷ ኪስ። ሙሉ ሸሚዝ ያየችው ከፋብሪካው ከወጣች በኋላ ነው እያልኩ እቀልድባታለሁ። ከዚያ የራሷን የስፌት መኪና ገዛች፣ ከባሏ ተለያየች፣ እዚህ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። እኔንም እናቴ ስትሞት ወደዚያችው ክፍል አስገብታ አሳደገችኝ። ክፍሏ ጥግ ላይ ያለችው ናት፤ ጠባብ ናት፣ አንዳችን ለመዞር ስንፈልግ ሌላችን አልጋ ላይ እንወጣለን። ነገር ግን ወደ መንገድ የሚከፈት መስኮት አላት። ደንበኛው ሁሉ በዚያ መስኮት ነው የሚመጣው፤ ሱሪውን ያቀብላል፣ "ወገቡን ትንሽ አስፊልኝ፣ ወፍሬ አይደለም፣ ጨርቁ ነው የጠበበው" ይላል፣ እሷም "ጨርቅ እንዲህ ነው" ትላለች። ያቺ መስኮት ከሌለች አክስቴ ሥራ የላትም። ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ በዚህች ክፍል ላይ ነው የመጣው።

የጀመረው ግን በልብስ መስጫ ገመድ ነው። በግቢው መሃል አንድ ገመድ አለ። ሥጋ ሻጩ ሽርጦቹን ያሰጣበታል፣ ጸጉር ሠሪዋ ነጭ ፎጣዎቿን ታሰጣበታለች። የሥጋ ሻጭ ሽርጥ ደግሞ የቱንም ያህል ቢታጠብ ጠብ የሚያደርገው ነገር አያጣም። አንድ እሑድ ጠዋት እሷ ሽርጡን መሬት ጣለችው፤ እሱ በፎጣዋ እግሩን ጠረገ፤ ጉድ ፈላ! እሷ መጥረጊያ አነሳች፣ እሱ ዘነዘና፣ ሚስቱ መጥበሻ፣ የጸጉር ሠሪዋ ወንድም የሰው ከዘራ። እኔ ለመገላገል ገብቼ ማን እንደመታኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ የመታሁትን ግን አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ነጠላ ጫማ በመስኮት ገብቶ አክስቴ መኪና ላይ አረፈ። ምን አደረገች መሰላችሁ? ማሰሪያው ተበጥሶ ስለነበር ሰፍታ መለሰችው።

በማግሥቱ የግቢው ባለቤት አሮጊቷ ሁላችንንም ሰብስበው "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጩኸት ብሰማ ጠቅላላችሁን አስወጣለሁ። መምህሩ መላ ያብጁ፤ እሳቸው ያሉት ይጸናል" አሉና ገቡ። መምህሩ የተባሉት ጡረታ የወጡ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ናቸው። እኛ ከኋላቸው "ጋሽ አንቀጽ" ነው የምንላቸው፤ ጨው ስጡኝ ለማለት እንኳ "በመጀመሪያ ደረጃ" ብለው ይጀምራሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ መንግሥት አመሠራረት ሲያስተምሩ ኖረው፣ የሚመሠርቱት ነገር ሳያገኙ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ግቢያችን እጃቸው ላይ ወደቀላቸው።

"በመጀመሪያ ደረጃ" አሉ ጋሽ አንቀጽ፣ "ማንኛውም ሰው ራሱን የመከላከል የተፈጥሮ መብት አለው። ማንም አይሰጠውም፤ ይዞት ነው የሚወለደው። ችግሩ የሚመጣው ሁላችንም መብታችንን ይዘን እዚህ ገመድ ሥር ስንገናኝ ነው። እሷ ራሴን ተከላከልኩ ትላለች፣ እሱም ራሴን ተከላከልኩ ይላል፣ መጀመሪያ ማን እንዳጠቃ ግን አንድም ሰው አያውቅም። ስለዚህ ሁላችንም ይህን መብት አንድ ላይ ሰብስበን ለአንድ ሰው እናስረክበዋለን። እሱ ስለ ሁላችን ይከላከላል፣ እኛ እጃችንን እንሰበስባለን።"

"ለማን?" አለ ሥጋ ሻጩ።

"ለዘበኛው።"

ሁላችንም ዞረን ዘበኛውን አየነው። እሱም ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

ዘበኛችንን ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። ሥራው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሲጠሩት ብድግ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ "አቤት!" ማለት ነው። ይህ ነገር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ተኝቶ እንኳ ቢጠሩት መጀመሪያ የሚነቃው "አቤት" የሚለው አፉ ነው፣ እሱ ራሱ ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ ስሙ "ጋሽ አቤት" ሆኖ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከግቢያችን ያባረረው ነገር ቢኖር አንዲት ድመት ናት፣ እሷም ተመልሳ መጥታለች።

ውሉ ተጻፈ። አጭር ነበር። ማንም በማንም ላይ እጁን አያነሳም። የተጠቃ ሰው ሦስት ጊዜ "ዘበኛ!" ብሎ ይጣራል፣ ይጠብቃል። እጁን ያነሳ ከግቢው ይወጣል። ሁላችንም ፈረምን፤ አክስቴ እንደውም "በጣም ጥሩ ነው፣ ሰላም ይሻላል" ብላ የፈረመችው ከሁሉም ቀድማ ነው። ከዚያ የጦር መሣሪያ ማስረከብ ተጀመረ። ከዘራው፣ ዘነዘናው፣ የመጥረጊያ እጀታው ሁሉ ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ተቆለለ። በማግሥቱ ጠዋት ነገሩ ገባን፤ ቤት ለመጥረግ ሰልፍ! መጥረጊያሽን ከጋሽ አቤት ትወስጃለሽ፣ በራፉ ላይ ቆሞ እያየሽ ትጠርጊያለሽ፣ ትመልሻለሽ። ቅመም የምትወቅጥማ እሱ ፊት ቁጭ ብላ ነው የምትወቅጠው። "ቀስ በይ" ይላታል። "ቅመም እኮ ነው!" ስትለው "ዛሬ ቅመም ነው" ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን።

ግን እውነት ለመናገር ጠቡ ቆመ። ሽርጡም ፎጣውም ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ፣ ባለቤቶቻቸው ከሩቅ ይገላመጣሉ፣ አለቀ። ጋሽ አንቀጽ ማታ ማታ ገመዱ ሥር እየተንጎራደዱ "አያችሁ? አያችሁ?" ይላሉ። ጋሽ አቤት ብቻ ነው የተቀየረው። ሰው ያን ሁሉ ዱላ ደገፍ ብሎ እየዋለ እንዴት ሳይቀየር ይቀራል? መጀመሪያ አንድ ዱላ ይዞ መዞር ጀመረ። ቀጥሎ ረዘም ያለውን መረጠ። ከዚያ ጉሮሮውን መጠራረግ አመጣ። ቀድሞ "እንደምን አደራችሁ" ሲለን የነበረው ሰው "ወዴት ነው?" ማለት ጀመረ። ወደ ሽንት ቤት ነው፣ ወዴት ይሆናል!

አንድ ቀን ጋሽ አንቀጽ ውሉን ሲያሻሽሉ ከክንድ የሚረዝም ማንኛውም እንጨት ይረከብ ብለው ጻፉ። አክስቴ የእንጨት ሜትር አላት፤ ጨርቅ የምትለካበት፣ ጠርዙ ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ። ከክንድ ይረዝማል። ማንም ያንን አላሰበም፣ ከጋሽ አቤት በቀር።

የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ዕረፍት ነበርኩና ጥግ ላይ በሳፋ ጸጉሬን እየታጠብኩ ነው። አክስቴ ጠረጴዛው ላይ የሰው ሱፍ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ ታሰምራለች። ጋሽ አቤት ዱላውን ይዞ በሩን ሞልቶ ቆመ።

"ሜትሩን አምጪ።"

"ወንድሜ፣ ይቺን ልጨርስና አመጣልሃለሁ። ሰውየው እየጠበቀ ነው።"

"አሁን ነው የተባለው።"

"ከሰጠሁህ በኋላ በምን ልለካ?"

"እኔ ጋ እየመጣሽ ትለኪያለሽ።"

አስቡት እስቲ፣ ሱፍ ጨርቅ ተሸክማ ጎጆው ድረስ! አክስቴ ግን ይህንንም "እሺ" ልትል ነበር፤ አውቃታለሁ። ብቻ እሱ መልሱን ሳይጠብቅ የሜትሩን አንድ ጫፍ ያዘ። እሷ ሌላኛውን ጫፍ እንደያዘች ናት። ጎተተ፣ ተጎተተች። ጨርቁ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ሳፋዬ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ አክስቴ በሕይወቴ ሰምቼባት የማላውቀውን ነገር ተናገረች። "ተው!" አለች። ጋሽ አቤትም ደነገጠ መሰለኝ፤ ሜትሩን ለቀቀና ዱላውን ወደ ላይ አነሳ። ክፍላችን ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዱላው አምፖሉን ነካው፣ አምፖሉ መወዛወዝ ጀመረ። ቀልድ አልነበረም። ፊቱ ተለውጦ ነበር። እኔ ዓይኔ እየተቃጠለ "ኧረ አንተ ሰውዬ!" ብዬ ልነሳ ስል ሳፋው ላይ ወደቅኩ።

አክስቴ ውል አክባሪ ናት። ዱላ አናቷ ላይ ተሰቅሎ፣ ጀርባዋ ግድግዳ ነክቶ፣ ውሉ ያለውን አደረገች። "ዘበኛ!" ብላ ጮኸች።

"አቤት!" አለ ጋሽ አቤት። ቀጥ ብሎ። ዱላው እንደተሰቀለ።

"ዘበኛ!"

"አቤት!"

"ዘበኛ!"

ሦስተኛውን "አቤት" ሊል አፉን ሲከፍት አክስቴ በሜትሩ ግንባሩን ጧ! አደረገችው። ቁጭ አለ። እሷም ቁጭ አለች። ከሁሉም የደነገጠችው እሷ ናት። ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ይቅርታ፣ ወንድሜ" አለችው፣ ውሃ ሰጠችው፣ ከዚያ የሱፉን ጨርቅ ከሳፋው አውጥታ መጭመቅ ጀመረች። ጋሽ አቤት ውሃውን ጠጥቶ ወጣና ግቢው መሃል ቆሞ "ተመታሁ! ተደበደብኩ!" እያለ ጮኸ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!

ውሉ ግልጽ ነው፤ እጁን ያነሳ ይወጣል። አክስቴ ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ መስኮቷን ስታያት አደረች። "ሌላ ቦታ ባገኝ ደንበኞቼ ያገኙኛል?" አለችኝ። እኔ "ያገኙሻል" አልኳት፣ እንደማያገኟት እያወቅኩ። ቤቱ የኔም ቤት ነው። ሰው አላየኝም እንጂ አለቀስኩ።

እሑድ ሁላችንም ገመዱ ሥር ተሰበሰብን። ጋሽ አንቀጽ ጠረጴዛ አስወጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ዘበኛው ዱላዎቹን ሁሉ ከኋላቸው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሟል፤ ግንባሩ በጨርቅ ታስሯል።

"ከሳሽ፣ ቃልህን ስጥ።"

"አቤት።"

"ቃልህን ስጥ እንጂ!"

"ሜትሩን አምጪ አልኳት። ቆየኝ አለች። ዱላ አነሳሁ። ጠራችኝ። አቤት አልኩ። መታችኝ።"

"ያነሳኸው ልትመታት ነው ወይስ ልታስፈራራት?"

ጋሽ አቤት አሰበ። "ለማስፈራራት ነው ያነሳሁት። ካነሳሁት በኋላ ግን... አላውቅም እንግዲህ፣ መምህር። አንዴ ተነስቷል።"

ጋሽ አንቀጽ ይህን ትተው ሌላ ነገር ይዘው ቆሙ። "ልብ በሉ! አቤት ባለበት ቅጽበት ጥቃቱ ተቋርጧል። አንድ ሰው አቤት እያለ አያጠቃም። የተቋረጠ ጥቃት ላይ የሚሰነዘር ምት መከላከል አይደለም፣ በቀል ነው።"

"ዱላውስ?" አለ ሥጋ ሻጩ። "ዱላውም አቤት ብሎ ወረደ?"

ሰው ሳቀ። እኔ ለመመስከር ብድግ አልኩ። "ዱላው እንደተሰቀለ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ስል ጸጉር ሠሪዋ "በአንድ ዓይንሽ" አለችኝ። ምን ቆርጦሽ ነው አንቺ! ለጸጉሬ ሳሙናውን የሸጠችልኝ እሷው ናት።

"ለምን አልሸሸሽም?" አሉ ጋሽ አንቀጽ ወደ አክስቴ ዞረው። "መሸሽ የሚችል ሰው አይመታም።"

"ወዴት፣ መምህር? በሩ ላይ እሱ አለ። በዚህ በኩል መኪናዬ፣ በዚያ በኩል የእህቴ ልጅ ሳፋ ላይ ወድቃለች።"

"በመስኮቱስ?"

አክስቴ መስኮቷን አስባ "ኪስ ብሆን በዚያች እወጣ ነበር" አለች። እሷ ስትቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቀጥለው "ተመጣጣኝነት" አሉ። የጉዳቱ መጠን ይታወቅ ዘንድ እብጠቱ ይለካ ተባለ። በምን? ግቢው ውስጥ የጨርቅ ሜትር ያላት አንዲት ሰው ብቻ ናት። ስለዚህ ተከሳሿ ሄዳ የሰው ልክ የምትወስድበትን የጨርቅ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የከሳሽን ግንባር ለካች። ጋሽ አቤት ሱፍ እንደሚያሰፋ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆመ። "ትንሽ ዝቅ በል፣ ወንድሜ... እንደሱ። ያምሃል?" "እዚህ ጋ ሲነካ ነው።" "ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርግበት፣ ይሄ ማሰሪያህ ጠብቋል።" ፈትታ አላልታ አሰረችለት። ከዚያ ልኬቱን ተናገረች፤ እኔ ብሆን ቀንሼ ነበር የምናገረው፣ እሷ ትንሽ ጨመረችበት መሰለኝ።

"እንግዲህ" አሉ ጋሽ አንቀጽ፣ "እትዬ፣ በተፈጥሮ የነበረሽን መብት አስረክበሻል። ፈርመሻል።"

"ያስረከብኩት መጥረጊያ ነው፣ መምህር።"

"ከመጥረጊያው ጋር መብቱም አብሮ ሄዷል። ውሉ ዘበኛ ጥሪ ይላል።"

"ጠራሁ። ሦስቴ ጠራሁ። ጠብቂ ይላል፤ እሱ ግን ቀድሞ መጥቶ ነበር።"

አሁን ሁሉም ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልኩ። "እኛ ስንጣላ ዘበኛ እንጠራለን። ዘበኛው ዱላ ሲያነሳ ማን ይጠራል?"

ጋሽ አንቀጽ ውሉን አገላበጡ። ፊቱን አዩት፣ ጀርባውን አዩት። "በዚህ ጉዳይ ላይ ውሉ ዝም ይላል" አሉ።

"ታዲያ እኛም ዝም ብለን እንመታ?"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ ሲያሹ ሽማግሌ መሆናቸውን አየሁ። "ልጄ" አሉ፣ "ይሄ ውል ቢፈርስ ነገ ሁላችንም ወደ ዘነዘናው ነው የምንመለሰው። አሮጊቷ ደግሞ አንዳችንንም አያስቀሩን።" እውነታቸውን ነበር፣ ይሄም አለ። ከኪሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። "እኔ እትዬን ማስወጣት አልፈልግም። ከዚህ በኋላ ምንም ቢደርስብኝ፣ ማንም ቢመታኝ እጄን አላነሳም ብለሽ ፈርሚ። ክፍልሽ ውስጥ ትቀጥያለሽ። አለቀ።"

"ፈርሚ እትዬ!" አለ ሰው ሁሉ። "ወረቀት ነው፣ ምን አለበት!" ሥጋ ሻጩ ሳይቀር። እኔም እኮ "ፈርሚ፣ አክስቴ፣ በሞቴ!" አልኩ። ያቺን መስኮት እያሰብኩ ነበር።

አክስቴ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ወረቀቱን በዝግታ አነበበች። ከዚያ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

"የማልፈጽመውን አልፈርምም፣ መምህር።"

"ከባድ እኮ አይደለም፣ እትዬ። ያው ዝም ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ዝም ማለት ታውቂበታለሽ።"

"አውቅበታለሁ" አለች። "እንዲህ ያለ ቃል ገብቼም አውቃለሁ። ከዚህች ልጅ በዕድሜ አንስ ነበር። ባሌ ይመታኝ ነበር። ዘመዶቼ ሰብስበው አስቀመጡኝና ቢመታሽም አትመልሺ፣ ድምፅሽንም አታሰሚ፣ ቤትሽ ይቁም አሉኝ። እሺ አልኩ። ቃሌን ጠበቅኩ፤ ደህና አድርጌ ጠበቅኩ። ይቺ እጄ ስትሰበር እንኳ አላነሳኋትም። እኔ ቃሌን ስጠብቅ እኔን የጠበቀኝ ግን አልነበረም።"

እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ስንት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረን፣ ምግብ ከአንድ ሳህን በልተን፣ አልሰማሁም።

"የዛን ዕለት ሜትሩን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም ብል ታምኑኛላችሁ?" አለች። "አላሰብኩም። እጄ ተነሳች። እናንተ ጋ ብፈርም፣ እኔ ነኝ የምፈርመው፤ እሷ አትፈርምም። ዘበኛውን ስላሳመምኩት ይቅርታ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ስለተነሳች ግን ይቅርታ አልልም። ደስ ብሎኛል። ማውጣት ካለባችሁ አውጡኝ።"

ጋሽ አንቀጽ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን "በመጀመሪያ ደረጃ" እንኳ አልወጣቸውም። እኔ ያኔ እንባዬም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝና እስክሪብቶውን አንስቼ ሰጠኋቸው። "ይፈርሙ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "እርስዎ ይቅደሙ። ይሄ ሰውዬ ከእነዚያ ዱላዎች አንዱን ይዞ ክፍልዎ ቢገባ እጅዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ሊቀመጡ ይፈርሙ። ከዚያ እሷ ትፈርማለች።"

እስክሪብቶውን ያዙ። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ኋላቸው ወደ ዘበኛው አዩ፤ ወደ ዱላዎቹም አዩ። እስክሪብቶውን ከድነው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

"መምህር" አለ ጋሽ አቤት ድንገት፣ ማንም ሳይጠራው፣ "እኔ ክሱን ትቻለሁ። እመታት ነበር እኮ። ሦስተኛውን አቤት ብዬ ብጨርስ እመታት ነበር።" ከዚያ ዱላዎቹን አቅፎ ወደ ጠረጴዛው አመጣና ዘረገፋቸው። "የየራሳችሁን ውሰዱ፣ በእግዚአብሔር። እኔ ከእነሱ ጋር ስውል ደህና ሰው አይደለሁም።"

ከዚያ ጸጉር ሠሪዋ መጥረጊያዋን አነሳችና ሥጋ ሻጩን አየችው፤ ሥጋ ሻጩም ዘነዘናውን አንስቶ አያት። "ሽርጥህን ከጥግ በኩል ስቀለው" አለችው። "እሺ" አለ። እስከ ዛሬ ከጥግ በኩል ነው የሚሰቅለው፤ ፎጣዎቹ ላይ ግን አሁንም ጠብ ያደርግባቸዋል፣ አሁንም ይሰዳደባሉ፣ በአፍ ብቻ። ጋሽ አንቀጽ ውሉ ላይ "ካልሆነ በስተቀር" የሚል ነገር ሊጨምሩበት እስከ ዛሬ እየጻፉ እየሰረዙ ነው።

አክስቴ "እንግዲህ ሥራ አለብኝ" ብላ ተነሳች። እኔ ከሰዉ ጋር ስከራከር ትንሽ ቆየሁ። ክፍላችን ስገባ የመኪናው ድምፅ የለም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በግራዋ አንጓዋን እየዳሰሰች ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም።

"ምነው አክስቴ? አመመሽ?"

"አይ" አለችኝ። "ይቺን እጄን እያየሁ ነው። ዘገየች እንጂ መጣችልኝ።"

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አቀፍኳት። መንገዱ ላይ አንድ ሰውዬ ሱሪ ይዞ መስኮቱን ሲያንኳኳ "ቆየን!" ብዬ ጮህኩበት። ቆየን።